ውድ የእጅ መሣሪያ መግዛት ያዋጣል ወይስ ርካሹ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጀማሪ አናጺ (ሐዋሳ)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ ከተማርኩ በኋላ በአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ አሁን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የራሳችንን አነስተኛ ወርክሾፕ ለመክፈት በዝግጅት ላይ እንገኛለን። በማሽኖቹ ምርጫ ብዙም አልተቸገርንም። መስማማት ያቃተን በእጅ መሣሪያዎቹ ላይ ነው።

ባልደረባዬ እንደሚለው፣ ዛሬ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ማሽን ስለሆነ መሮ፣ መላጊያ፣ የእጅ መጋዝና ስኳድራ (የቀኝ ማዕዘን ማረጋገጫ) ለማጠናቀቂያ ብቻ የሚነሡ ዕቃዎች ናቸው፤ ስለዚህ በሳጥን ተሰናድቶ የሚሸጠውን ርካሽ ስብስብ ገዝተን በተረፈው ገንዘብ እንጨት ብናስገባ ይሻላል። እኔ በበኩሌ፣ ተቀጥሬ በምሠራበት ቦታ የነበሩት ርካሽ መሮዎች የአንድ በር ማጠፊያ ማስቀመጫ ቆርጠው ሳይጨርሱ ስለታቸው ሲታጠፍ ስላየሁ ሐሳቡን ለመቀበል ተቸግሬአለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ በመውጣቱ ከአውሮፓ የሚመጣ መሣሪያ ለእንደኛ ዓይነቱ ጀማሪ እጅግ ርቋል፤ ስድስት መሮ በያዘው ርካሽ ስብስብ ዋጋ አንዱን የአውሮፓ መሮ እንኳ መግዛት አልተቻለም።

ጀርመን አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለገና ወደ አገር ቤት ስለሚመጣ ጥቂት ዕቃዎችን ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ሁሉንም ውድ መግዛት እንደማንችል ግልጽ ነው። በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ ገንዘብ ማውጣት እንደሚገባ፣ በየትኞቹ ላይስ መቆጠብ እንደሚቻል ከነምክንያቱ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


ምላሽ፦ አሮጌ መላጊያ

ወንድሜ፣ የእጅ መሣሪያ ሁሉ በአንድነት ቀርቦ «ውድ ይሻላል ወይስ ርካሽ?» ከተባለ መልስ የለውም። መሣሪያው እንጨቱን የሚቆርጥ ወይም የምትቆርጥበትን ልክ የሚነግርህ ከሆነ ገንዘብህን እዚያ ላይ አውል፤ የሚመታ፣ የሚደግፍ ወይም የሚይዝ ብቻ ከሆነ ግን በርካሹ ጀምር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዋንዛና በጽድ ሥራ ላይ ስለሆነ የምናገረው ስለ አናጺ መሣሪያ ነው።

ከመሮ ልጀምር። የጥሩ መሮ ዋጋ ያለው በእጀታው ማማር ሳይሆን በብረቱ ውስጥ ባለው የካርቦን መጠንና ብረቱ ከጋለ በኋላ በቀዘቀዘበት መንገድ ላይ ነው። ለእንጨት የሚሆን መሮ በሮክዌል (የብረት ጥንካሬ) መለኪያ ከ58 እስከ 62 ባለው የጥንካሬ ክልል ውስጥ ቢገኝ ይመረጣል፤ ከዚያ ከለዘበ ስለቱ ይታጠፋል፣ ከልክ በላይ ከጠነከረም ይሸራረፋል። ርካሽ መሮ ሁልጊዜ መጥፎ ብረት ነው ማለት ግን አይደለም። ችግሩ አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው፤ ከአንድ ሳጥን ከሚወጡት መሮዎች መካከል አንዱ ለዓመታት የሚያገለግል፣ ሌላው ደግሞ የቀለም ቆርቆሮ ከመክፈት ያለፈ ሥራ የማይሠራ ሊሆን ይችላል። ውዱን ስትገዛ በዋናነት የምትከፍለው ለዚህ እርግጠኝነት ነው።

አየሁት ያልከው መታጠፍም ብዙ ጊዜ መድኃኒት አለው። በርካሽ መሮ ጫፍ ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች በፋብሪካ ሲሞቁ ካርቦናቸውን በማጣታቸው፣ ወይም ሲሞረዱ በመጋላቸው ሊለዝቡ ይችላሉ። ያንን ክፍል ውሃ ውስጥ እየነከርክ በዝግታ ብትሞርደው ከኋላው የተሻለ ብረት የምታገኝበት ጊዜ አለ። በሞተር በሚሽከረከር ድንጋይ ስትስል ጫፉ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ግን ጥንካሬውን አጥቷልና የተበላሸውን ክፍል ሞርደህ ከማስወገድ በቀር ምርጫ የለህም።

ባልደረባህ ስለ ዋጋ ሲከራከር ሁለታችሁም የረሳችሁት አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም የመሳያ ድንጋይ ነው። የቱንም ያህል ውድ የሆነ መሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ለሥራ የተዘጋጀ አይደለም። ጀርባው፣ ቢያንስ ከስለቱ አጠገብ ያለው ክፍል፣ ፍጹም ለጥ እስኪል መፈግፈግ አለበት፤ ከዚያም ፊቱ በ25 ዲግሪ ይሞረድና ጫፉ ብቻ በ30 ዲግሪ ይሳላል። ለዚህ 1000 ቁጥርና 6000 ቁጥር ድንጋይ ካለህ በቂ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይበልጥ ደቃቅ ነው)፤ እስክታገኝ ድረስ በወፍራም መስታወት ላይ የተለጠፈ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። በደንብ የተሳለ ርካሽ መሮ ካልተሳለ ውድ መሮ እንደሚበልጥ የሚጠራጠር አናጺ ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱም ከተሳሉ በኋላ ነው፤ ርካሹን ቶሎ ቶሎ ወደ ድንጋዩ ትመልሰዋለህ፣ ጥሩው ግን ረዘም ላለ ሥራ ይቆያል። በደንበኛ ሥራ ላይ የምትቆመው ለመሳል ከሆነ ያ ጊዜ ገንዘብህ ነው።

የምትሠራበት እንጨትም ይወስናል። ዋንዛ ለመሣሪያ ገር ነው። ወይራ ግን እጅግ ጠንካራ ነው፤ ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ ተጣብቀው የሚሠሩት ሰሌዳዎች፣ ችፑድና ኤምዲኤፍም፣ በውስጣቸው ባለው የደረቀ ማጣበቂያ ምክንያት ስለትን ክፉኛ ያደነዝዛሉ። ስለዚህ ጥሩ መሮህን ችፑድ ላይ አታውጣው፤ ለእርሱ አንድ ርካሽ መሮ ለይተህ አስቀምጥ።

በመላጊያ ላይ አስተያየቴ ይጠነክራል። ርካሽ መላጊያ ከርካሽ መሮ ይከፋል፤ ምክንያቱም መሮ ብረቱ ብቻ ነው፣ መላጊያ ግን እርስ በርሳቸው መገጣጠም ያለባቸው ብዙ ክፍሎች አሉት። ታችኛው ገጹ የተጠማዘዘ፣ ምላጩ በመቀመጫው ላይ የማይረጋ ወይም ስስ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቱንም ያህል ብትስለው እንጨቱን እየቦጨቀ ይሄዳል። ይህንን ለማስተካከል የሚፈጀው ጉልበት ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። ለአክስትህ ልጅ ግን አዲስ እንዲገዛ አትንገረው፤ የብረት መላጊያ ቅርጽ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ብዙም ስላልተለወጠ፣ በጀርመን በአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የሚገኝ ደህና ያገለገለ ስታንሊ ቁጥር 4 (የተለመደው የብረት ማለስለሻ መላጊያ) ወይም አካሉ ከእንጨት የሆነ የጀርመን መላጊያ ከአዲስ ርካሽ መላጊያ እጅግ የተሻለ ነው። ገጹ እንዳልተሰነጠቀና ምላጩ ገና ብዙ ርዝመት እንዳለው ያረጋግጥ፤ ዝገት አያስፈራህ።

መዶሻ ከዚሁ ግዛ። እጀታው ከተሰበረ ከወይራ ታስቀርጻለህ፤ ያም እጀታ ከፋብሪካው ይሻላል።

አንድ ሦስተኛ መንገድም አለ። በአገራችን ብረት ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ (የመኪናን ክብደት ከሚሸከመው ዝርግ ስፕሪንግ) መሮና መጥረቢያ ይሠራሉ። የባሌስትራ ብረት 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው በአግባቡ ከጋለና ከቀዘቀዘ ጥሩ ስለት ይይዛል፤ በተለይ በመዶሻ እየተመታ ጉድጓድ ለሚያወጣ ወፍራም መሮ ተስማሚ ነው። ነገሩ ሁሉ ግን በቀጥቃጩ እጅ ላይ ስለሆነ፣ ሌሎች አናጺዎች ሥራውን የመሰከሩለትን ሰው ፈልግ።


ምላሽ፦ የጋራዥ ሰው

ከእኔ በፊት የጻፉት አባት ስለ መሮና ስለ መላጊያ የሰጡት ማብራሪያ በጣም ጠቃሚ ነው። ሆኖም «የሚይዝ መሣሪያ በርካሹ ይጀመር» በሚለው ሐሳብ አልስማማም፤ መፍቻም ይይዛልና። ወንድማችን ማሽን እንደሚገዛ ነግሮናል። ማሽን ያለው ሰው ቀበቶ ይቀይራል፣ ምላጭ ያወጣል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃል፤ ስለዚህ አናጺም ቢሆን መፍቻ ሳይኖረው ሥራ አይጀምርም።

ርካሽ መፍቻ የሚያደርሰው ጉዳት ከራሱ ዋጋ በላይ ነው። አፉ ከልኩ ጥቂት ከሰፋ፣ ወይም ብረቱ ለዝቦ በጉልበት ሲከፈት፣ የብሎኑን ጎኖች መያዙን ትቶ ማዕዘኖቹን ይበላቸዋል። ማዕዘኑ የተበላ ብሎን ደግሞ በሌላ መፍቻ አይወጣም፤ ይቆረጣል፣ ይበሳል ወይም ተበይዶ ይወጣል። ያ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ ቆሟል፣ ደንበኛው እየደወለ ነው። ለዚህም ነው ቡሶላ (የብሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚይዝ መፍቻ) ስትገዛ ውስጡ አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለውን ትተህ ስድስት ማዕዘን ያለውን እንድትመርጥ የምመክርህ፤ ባለ ስድስቱ ከማዕዘኖቹ ይልቅ የብሎኑን ጎኖች ስለሚገፋ፣ መካከለኛ ጥራት ቢኖረው እንኳ ብሎኑን በቀላሉ አይበላም።

መቆጠብ የሚቻለው በጥራት ሳይሆን በብዛት ነው። ብዙዎች ከመቶ በላይ ቁራጭ የያዘ ሳጥን ይገዙና አብዛኛውን አይነኩትም። የአንተ ማሽኖች ላይ በብዛት የምታገኛቸው የብሎን ራሶች 10፣ 13፣ እንደ አምራቹ 16 ወይም 17፣ እንዲሁም 18 ወይም 19 ሚሊሜትር ናቸው። በእኛ ጋራዥ ግን አብዛኛው መኪና የጃፓን ስለሆነ 13 ቁጥር ብዙም ሥራ የለውም፤ በእርሱ ፋንታ 12 እና 14 ከእጃችን አይለዩም። ስለዚህ የሥራህን ልኮች ለይተህ እነርሱን ብቻ በጥሩው ግዛ። የቀሩትን በርካሹ አሟላ፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ አዘውትሮ የሚነሣ መሆኑን ስታይ ያኔ በጥሩ ትተካዋለህ።

የሚስተካከል መፍቻ ላይ ግን አትቆጥብ። መንጋጋው የሚወዛወዝ ከሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። የጀርመኖቹ ክኒፔክስና ገዶሬ፣ የስዊድኑ ባኮ በዚህ ረገድ ስማቸው የተመሰከረ ነው፤ የአክስትህ ልጅ ጀርመን ካለ አንድ ጥሩ የሚስተካከል መፍቻና አንድ ጥሩ ፒንሳ ለብዙ ዓመት ይበቃሃል።


ምላሽ፦ ባለ ሱቋ (መርካቶ)

እንደ ሻጭ ልናገር። እዚህ የተነገሩት ምክሮች ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋሉ፤ ይኸውም ውድ ዋጋ የተከፈለበት ዕቃ ጥሩ ዕቃ መሆኑን ነው። በገበያችን ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። የታወቀ ስም በተራ ብረት ላይ ታትሞ ይሸጣል፤ «ክሮም ቫናዲየም» (የጠንካራ መሣሪያ ብረት ስም) የሚለው ጽሑፍም በማናቸውም ብረት ላይ ሊቀረጽ ይችላል። በዚህ ላይ፣ ውጭ አገር ለውድ መሣሪያ ከሚከፈለው ዋጋ ከፊሉ «ዕድሜ ልክ ዋስትና» ለሚሉት ነገር ነው፤ ወኪል በሌለበት አገር ይህ ዋስትና ወረቀት ብቻ ስለሆነ እኛ የማንጠቀምበትን እየከፈልን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስሙን ከማንበብህ በፊት ዕቃውን ፈትነው፤ የሚከለክልህ ነጋዴ ካለ ከእርሱ አትግዛ። ስኳድራ ስትገዛ ጠርዙ ቀጥ ያለ ሰሌዳ አስመጣና በቀጭን እርሳስ አንድ መስመር አስምር፤ ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠህ ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር አስምር። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ከሄዱ ስኳድራው ትክክል ነው፤ ከተለያዩ ደግሞ ስሕተቱ የልዩነታቸው ግማሽ ነው። ውሃ ልክንም እንዲሁ አንድ ቦታ ላይ አስቀምጠህ አረፋው የቆመበትን ተመልከት፤ ከዚያ ጫፍና ጫፉን አዙረህ እዚያው ቦታ መልሰው። አረፋው ያው ቦታ ላይ ካልቆመ ውሃ ልኩ ይዋሻል። ፒንሳን ዘግተህ ወደ ብርሃን አንሣው፤ በሚቆርጠው አፍ በኩል ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ቀጭን ሽቦ አይቆርጥም። የመሮ ጥንካሬ የሚታወቀው ደግሞ በሹል ሞረድ ነው፤ ከስለቱ ራቅ ብሎ ጠርዙን ስትነካው ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ ከነከሰ ግን ለስላሳ ነው።

በእነዚህ ፈተናዎች ርካሽ ስኳድራ ከውዱ እኩል ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እዚህ ላይ ከአባታችን ሐሳብ ትንሽ እለያለሁ፤ የልኬት መሣሪያ ትክክል ይሁን እንጂ የግድ ውድ መሆን የለበትም፣ ምክንያቱም ከመሮ በተለየ ትክክለኛነቱን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ማረጋገጥ ይቻላል።

የመለኪያ ሜትርን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ላይ በሮማ ቁጥር የተጻፈ ደረጃ አለ። በአውሮፓ ደንብ መሠረት ሁለተኛ ደረጃ የሆነው በ5 ሜትር ርዝመት ላይ እስከ 1.3 ሚሊሜትር፣ አንደኛ ደረጃ የሆነው ደግሞ እስከ 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ሊሳሳት ይፈቀድለታል። ለቁም ሣጥን ሁለተኛ ደረጃው በቂ ነው፤ ዋናው ነገር አንተና ባልደረባህ አንድን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሜትር መለካታችሁ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ስለሚወዛወዝ ብቻ ዕቃውን የሚመልሱ ደንበኞች አሉ፤ የሚወዛወዘው ግን በራሱ ውፍረት ልክ ሆን ተብሎ ነው፣ ሲጎተትም ሲገፋም እኩል እንዲለካ።


ምላሽ፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ማሽኖቹን ስትተክሉ የኤሌክትሪክ መስመር መንካታችሁ አይቀርም። በቤት 220፣ በሦስት ፌዝ ደግሞ 380 ቮልት ባለበት አገር የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ) እና ፒንሳ በዋጋ የሚወዳደሩ ዕቃዎች አይደሉም። እጀታው ቀይና ቢጫ ፕላስቲክ የለበሰ ሁሉ ከኤሌክትሪክ ይከላከላል ማለት አይደለም። በዓለም አቀፉ አይኢሲ 60900 ደረጃ መሠረት የተሠራ መሣሪያ እስከ 1000 ቮልት ድረስ እንዲያገለግል ከመፈቀዱ በፊት እያንዳንዱ በ10,000 ቮልት ይፈተናል፤ በላዩም ሁለት የተደራረቡ ሦስት ማዕዘኖች ምልክትና «1000 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ይገኝበታል። ከላይ እንደተባለው ጽሑፍ ሊመሰል ስለሚችል፣ ይህንን ዕቃ የአክስትህ ልጅ ጀርመን ካለ የታመነ መደብር ቢያመጣልህ እመርጣለሁ። መሣሪያው ቢኖርህም መስመሩን ሳታጠፋ አትሥራ።


ጠያቂው፦ ጀማሪ አናጺ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምላሾቹን ከባልደረባዬ ጋር አብረን አነበብን፤ በመላጊያውና በኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ ላይ ተስማምተናል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀርቶናል። የአክስቴ ልጅ ስንት መሮ፣ በምን ስፋት ያምጣልን? የእጅ መጋዝስ ከጃፓን ዓይነቶቹ አንዱን ማስመጣት ይገባል ወይስ የተለመደው ይበቃናል?


ምላሽ፦ አሮጌ መላጊያ

ሦስት መሮ ይበቃሃል፤ 6፣ 12 እና 25 ሚሊሜትር። በስድስቱ ጠባብ ጉድጓድ ታጸዳለህ፣ በአሥራ ሁለቱ አብዛኛውን መጋጠሚያ ትሠራለህ፣ በሃያ አምስቱ ደግሞ የማጠፊያ ማስቀመጫ ታስተካክላለህ። ሌላ ስፋት በእርግጥ ሲያስፈልግህ ራሱ ሥራው ይነግርሃል። ከአራተኛ መሮ ይልቅ በዚያው ገንዘብ የመሳያ ድንጋይ ያምጣ።

የጃፓን መጋዝ ሲሳብ ስለሚቆርጥ ምላጩ ስስ ነው፤ ንጹሕና ጠባብ መስመርም ያወጣል። ነገር ግን አሁን በብዛት የሚሸጡት ጥርሳቸው በኤሌክትሪክ ሙቀት የጠነከረ በመሆኑ በሞረድ አይሳሉም፤ ሲደነዝዙ ምላጩ ይቀየራል። መቀየሪያ ምላጭ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ችግር ስለሆነ፣ ካመጣልህ ከሁለት ትርፍ ምላጭ ጋር ያምጣልህ፤ ካልሆነ ጥርሱን ራስህ ልትስለው የምትችለውን የተለመደ መጋዝ ከዚሁ ግዛና መሳሉን ተማር። ብረት በምትቆርጥበት መጋዝ ግን ነገሩ ይለያል፤ ፍሬሙ ርካሽ ይሁን፣ ምላጩ ጥሩ ይሁን።

ስለ መፍቻ የተሰጠውን ምክር እቀበላለሁ። ኮላ የተቀባ እንጨት የምትይዝበትን ማጥበቂያ ሞርሳ በሚመለከት ግን በሐሳቤ እጸናለሁ፤ አንድ ጠረጴዛ ለማጣበቅ ሁለት ውድ ሞርሳ ከሚኖርህ ስድስት ርካሽ ቢኖርህ ይሻላል፣ እርሱም ከባድ ስለሆነ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። የአክስትህ ልጅ መሮዎቹን በእጅ ሻንጣ እንዳይዝ ንገረው፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ይወስዱበታል። ስለታቸውን በወፍራም ካርቶን ሸፍኖ በሚጫነው ሻንጣ መካከል፣ በልብስ ጠቅልሎ ያስቀምጣቸው።